ለአያ ይግዛው የቀረበ ጂን በሎሚ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ምሕረት ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ዘንድ ሰንብታ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ቀርተን ሳለ ከሻንጣዋ አንድ ጠርሙስ ጂን አወጣችና «ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ጥሩ ነገር ልሥራልዎት» አለችኝ። ስልኳን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ አቆመችው፤ ስልኩ ውስጥ አንድ ጢማም ልጅ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳል። ሁለት አፍ ያላት የብረት መለኪያም ይዛ መጥታለች። ምንም የማላውቅ ሽማግሌ መስያት ነው መሰለኝ፣ ጂን ማለት በጥድ ፍሬ የሚወጣ የፈረንጅ አረቄ መሆኑን ቀስ ብላ ታብራራልኝ ጀመር። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኳት። ቢላዋውን አንሥታ ሎሚውን ከመሃሉ ልትከፍለው ስትል ግን አላስቻለኝም። «ቆይ» አልኳትና ሎሚውን ከእጇ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ በመዳፌ ጫን ጫን እያደረግኩ አንከባለልኩት።

«ይኼን ማን አስተማረዎት?» አለች። መልሱ ረጅም ነበር። የሎሚው ልጣጭ መዳፌ ሥር ሞቅ ሲል ሽታው ወጣ፤ በዚያ ሽታ ውስጥ የድሮዋ ክፍሌ ከነመስኮቷ፣ ከነጠረጴዛዋ፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው የማርማላታ ጠርሙስ ጋር መጣችብኝ።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ስመደብ አፍላ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ዓመተ ምሕረቱን ልተወው፤ ከተናገርኩት ዕድሜዬን ትቆጥሩብኛላችሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ፣ በወር ስምንት ብር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ግን ጣውላ ነበር፤ በጣውላዋ እኮራ ነበር። ልብስ ሰፊው ቀኑን ሙሉ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ይከፍታል። ዘፈን ሲመጣ መኪናውን በዘፈኑ ምት ይረግጣል፤ ዜና ሲመጣ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። ስለዚህ ዜና በበዛበት ወር የሰው ሱሪ አይደርስም ነበር። የእኔን ሱሪ የሰፋው እሱ ነው። ከጉልበት በላይ ጥብቅ ብሎ ከጉልበት በታች እየሰፋ የሚሄድ፣ ጫማን የሚውጥ፣ በበጋ የማርቆስን አቧራ የሚጠርግ፣ በክረምት የማርቆስን ጭቃ የሚሸከም ሱሪ ነበር። ከላይ ኮሌታው ወደ ትከሻ የተዘረጋ ሸሚዝ፣ ከኋላ ኪሴ ደግሞ የጎፈሬ ማበጠሪያ፣ እጀታው ለሰው እንዲታይ ወጣ ብሎ። አሥር ሎሚ በአሥር ሳንቲም ይገዛ ነበር። ይህን ለምሕረት ብነግራት «ሳንቲም ምን ይመስላል?» አለችኝ።

ጂን በሎሚን ያስተማሩኝ እትዬ ሸዋዬ ናቸው። ከዋናው መንገድ ዳር በነበረ ሆቴል ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ይቆሙ ነበር፤ ባንኮኒው የእሳቸው ነው፣ ሆቴሉ የሌላ ሰው ነው ይባል ነበር። ሙያውን አዲስ አበባ፣ ፈረንጅ በሚበዛበት ትልቅ ሆቴል ተምረው፣ በምን ምክንያት እንደሆነ ማንም ሳያውቅ፣ እኛ ዘንድ መጡ። ነጭ ሽርጣቸው ላይ አንድም ቀን ጠብታ አላየሁም። ጓደኞቼ ቢራቸውን ይዘው ስለ ዓለም ሁኔታ ሲከራከሩ እኔ ወንበሬን ወደ ባንኮኒው አስጠግቼ የእሳቸውን እጅ አያለሁ። «ሎሚን ሳትለምነው አትቁረጠው» ይሉኛል፣ በመዳፋቸው እያንከባለሉ። ስኳሩን ቀድመው በሙቅ ውሃ አሟሙተው በጠርሙስ ያስቀምጡታል። «ጂንና ስኳር ባዳ ናቸው፤ ዝም ብለህ ብታገናኛቸው አይነጋገሩም፤ ውሃ ሽማግሌ ሆኖ ይግባ» ይላሉ። ሁለት መለኪያ ጂን፣ አንድ መለኪያ ያልሞላ ሎሚ፣ ከሎሚው ያነሰ የስኳር ውሃ። ሎሚውንም እስከ መጨረሻው አይጨምቁትም፤ «ጨርሶ የተጨመቀ ሎሚ ምሬቱን ነው የሚሰጥህ» ይላሉ። ከዚያ በረዶ ጨምረው፣ ከድነው፣ ክንዳቸውን ከፍ አድርገው አሥር ጊዜ ያህል ይነቀንቁታል፤ በሻይ ማጥለያ ያጠሉታል፤ ከላዩ ትንሽ የጋዝ ውሃ፤ በመጨረሻ ደግሞ ቀጭን ልጣጭ ብርጭቆው አፍ ላይ ጠምዘዝ ያደርጋሉ፣ ሽታው ቀድሞ አፍንጫ እንዲደርስ። ይኸው ነው። ብዙ የተወሳሰበ ነገር በዚህ ዓለም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ባለ አምስት ነገር ብቻ ሰውን ዝም የሚያሰኝ ግን ጥቂት ነው። ጎንጨት ያለ ሰው ሁሉ አንድ አፍታ ንግግሩን ያቋርጥ ነበር።

ታሪኩ እንግዲህ የሚጀምረው እናኑን ካየሁ ወዲህ ነው። እናኑ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አሻጊ፣ ነበረች። እጄን ቆርቆሮ ቆርጦኝ ሄጄ ቁስሉን ስታጥብልኝ «አስተማሪ ሆነህ እንዲህ ትጮሃለህ? ተማሪዎችህ ቢሰሙህስ?» አለችኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ሲናን ውስጥ፣ ከሮብ ገበያ ከተማ ወዲህ ካለ መንደር፣ የአያ ይግዛው ልጅ ነች። በአገሩ ደንብ ሦስት ሽማግሌዎች ላክሁ፤ ዋናው አንድ መሪጌታ ነበሩ። አያ ይግዛው አበሉ፣ አጠጡ፣ «እንመካከርበት» ብለው መለሱ። ሁለተኛም ላክሁ፤ አሁንም «እንመካከርበት»። ይህ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም፤ በመጀመሪያው ልመና ልጁን የሚሰጥ አባት ልጁን እንደ ጣለ ይቆጠራል። የሚያስደነግጠው ከሁለተኛው በኋላ የመጣው ወሬ ነው። እናኑ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ ሰው እንዳያየን ፊቷን ወደ ሱቁ መስኮት አዙራ፣ «አባየ ቅዳሜ ይመጣል» አለችኝ። «ጨው ልገዛ ነው ይላል። ጨው ግን ሮብ ገበያም ሞልቷል።»

አማት የሚሆን ሰው ራሱ መጥቶ የጠያቂውን ቤት ማየቱ በደንቡ የለም። አያ ይግዛው ግን በደንቡ ብቻ የሚኖሩ ሰው አልነበሩም፤ የሰሙትን በዓይናቸው ሳያዩ አያድሩም ይባል ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት የሚያዩት ነገር እናኑን ይሰጠኛል ወይም ይነሣኛል። ምን ላቅርብላቸው? ጠጅ እንዳልል፣ ማሩ የሚመጣው ከእሳቸው አገር ነው። አረቄ እንዳልል፣ የቤታቸው አረቄ እስከ አምበር ከተማ ድረስ ስሙ የታወቀ ነው። ሥጋ እንዳልል፣ የላጤ ቤት ሥጋ ማን ይሠራዋል? ሁሉም ነገር ቤታቸው ያለ ሰው ምን ይደረግለታል እያልኩ ሁለት ቀን ስብሰለሰል ከርሜ በመጨረሻ መልሱ የእትዬ ሸዋዬ ባንኮኒ ላይ ታየኝ። ከደመወዜ ላይ ትልቅ ጉድጓድ የቆፈረ አንድ ጠርሙስ ጂን ገዛሁ። ስኳሩን ዐርብ ዕለት በሙቅ ውሃ አሟሟሁ። የመነቅነቂያው ዕቃ ቢቸግረኝ ክዳኑ የሚጠብቅ የማርማላታ ጠርሙስ አጥቤ አዘጋጀሁ። በረዶውን እትዬ ሸዋዬ ከሆቴሉ ማቀዝቀዣ በፔርሙስ ሊሰጡኝ ቃል ገቡ።

እዚህ ላይ ስደርስ ምሕረት ተነሥታ ከማቀዝቀዣው በረዶ አመጣች፤ አራት ማዕዘን፣ ንጹሕ፣ እኩል እኩል የሆነ። ብርጭቆው ውስጥ ስትጥለው ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። የዛሬ ልጆች በረዶን ከሰማይ ጋር አያይዘውት አያውቁም።

ቅዳሜ ደረሰ። መብራት ግን ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቷል። እትዬ ሸዋዬ ዘንድ ብሮጥ የማቀዝቀዣውን በር ከፍተው ውስጡ የተኛውን ውሃ አሳዩኝ። «ያለ በረዶ ስጣቸው» አሉኝ። «ለብ ያለ ጂን በሎሚ?» አልኩ። ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው «እንግዲህ የእኔ ሙያ እዚህ ድረስ ነው» አሉ። ተስፋዬን ቆርጬ ወደ ክፍሌ ስመለስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። መስቀል ካለፈ ገና ጥቂት ቀን ነው፤ ክረምቱ ወጥቷል ተብሎ ሰው ጃንጥላውን ሰቅሏል። ከጮቄ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ተነሣና ከተማው ጨለም አለ። ከዚያ ቆርቆሮው ያጓራ ጀመር። በረዶ ነው፤ ባቄላ ባቄላ የሚያህል፣ ነጭ፣ የጠነከረ። ገበያተኛው ወደየሱቁ ደጃፍ ተሰበሰበ፤ ፍየሎች ጮኹ፤ ሜዳው ሁሉ ነጣ።

እኔ ምን አደረግኩ? ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ። የቆርቆሮ ሳህን ይዤ፣ ጋቢዬን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ወጣሁና ከግቢው ንጹሕ ሣር ላይ እየለቀምኩ ሳህኑን ሞላሁት። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ስለ በረዶ አስተምሬያቸው ነበር። ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጠብታው እየወጣ እየወረደ ሲወፍር፣ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ ቀስት እየሣልኩ። ከክፍሉ ግማሹ የገበሬ ልጅ ነበር፤ ሁሉም ዝም ብለው ገለበጡ፣ አንዱም እጁን አላወጣም። እኔም ትምህርቴ ስለገባቸው ነው ብዬ ነበር።

በረዶው እንዳባራ አያ ይግዛው መጡ። በቅሏቸውን ልብስ ሰፊው ደጅ አስረው፣ በትራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጫቸው የገባ ሰው ናቸው። ጋቢያቸው ርሶ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል፤ የለበሱት ከጉልበት በላይ የሚቀር ቁምጣ ነው። ከእኔ ሱሪ ጫፍ ብቻ ለእሳቸው ሁለት ቁምጣ ይወጣ ነበር። ዓይናቸው ከሱሪዬ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ መጻሕፍቱ፣ ከመጻሕፍቱ ወደ አልጋው ሄደ፤ የታጠፈውን ብርድ ልብስ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጨው ልገዛ ወጥቼ ይኸ ነገር ያዘኝ» አሉ።

«እንኳን ደኅና መጡ። ይቀመጡ፣ ጋቢዎን ይስጡኝ፣ የእኔ ደረቅ አለ።»

ደረቁን ጋቢ ተቀበሉ፤ ተቀመጡ። እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። ሎሚውን አንከባለልኩ፣ ቆረጥኩ፣ እስከ መጨረሻው ሳልደርስ ጨመቅኩ፣ በመለኪያው ለካሁ። እጄን ያያሉ። ሳህኑን በጨርቅ ሸፍኜው ስለነበር በረዶውን አላዩም። ጀርባዬን ሰጥቻቸው የማርማላታውን ጠርሙስ ስነቀንቅ ከኋላዬ «ትንጣለህ እንዴ?» አሉ። «ወንድ ሲንጥ አይቼ አላውቅም።» ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበረ፤ ያንን ሳቅ ስሰማ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፣ እናኑን ቤቴ ውስጥ አየኋት።

አሁን ስሕተቴን ስሙ። እትዬ ሸዋዬ ብርጭቆውን ሁለት ጣት ያህል አጉድለው ነው የሚሰጡት። በእኛ አገር ግን ጎደሎ ብርጭቆ ለእንግዳ አይሰጥም፤ ንፉግነት ነው፣ ከዚያም አልፎ ስድብ ነው። ሞልቶ ካልፈሰሰ ተሰጠ አይባልም። ጂኑን እንዳልጨምር መጠኑ ይበላሻል። ስለዚህ ያንን ጉድለት በምን ሞላሁት? በበረዶ። ሳህኑን ገልጬ ከብርጭቆው አፍ በላይ ቁልል እስኪሆን ድረስ ጨመርኩበት። ከዚያም በደንቡ መሠረት፣ መርዝ እንደሌለበት እንዲታይ፣ ፊታቸው ቆሜ ራሴ ቀመስኩ። አንድ የበረዶ ፍሬ አብሮ ገባ፤ በጥርሴ ከረሸምኩት። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ አቀረብኩላቸው።

ተቀበሉ። ቁልሉን አዩ። አፋቸው ዘንድ ግን አላደረሱትም።

«ይኸ ከየት መጣ?» አሉ።

ከሆቴሉ ማቀዝቀዣ ነው ብል ያልፍ ነበር፤ እሳቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ ምን እንደሚኖር በምን ያውቃሉ? እውነቱን የተናገርኩት ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። ብልሃቴ እንዲታወቅልኝ ፈልጌ ነው።

«ከግቢው ለቀምኩት። አሁን ሲወርድ።»

«አሁን ሲወርድ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ሲወርድ ጊዜ ምን አልህ?»

«ደስ አለኝ» አልኩ።

ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀምጠው ተነሡና በሩ ላይ ቆሙ። ደመናው ከከተማችን ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሲናን ተመልሶ እዚያ ተጋድሟል። «ስንዴው ፍሬው ገና ሳይጠነክር ወተት ይዞ ነበር» አሉ። ለእኔ አልነበረም የተናገሩት። «እንግዶውስ፣ አጃው፣ መልሶ ይነሣል። ስንዴው አይነሣም።» የእኔን ጋቢ አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ፤ እርጥቡን የራሳቸውን መልሰው ለበሱ። «በል ደኅና ሁን» ብለው ሄዱ። የቀረበለትን ሳይቀምስ ከቤት የሚወጣ እንግዳ ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይነገረውም። በቅሏቸው ቁልቁል ስትወርድ ኮቴዋን ሰማሁ። ጠረጴዛው ላይ በረዶው ቀልጦ ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ፤ የማርማላታውን ክዳን አርሶ ወደ ጣውላው ወረደ፤ እኔ ተነሥቼ አልጠረግኩትም። የአንድን ገበሬ የዓመት ቀለብ የደበደበውን ነገር ሰብስቤ፣ በሎሚ አጣፍጬ፣ ፊቱ ከርሽሜ እንካ ጠጣ ማለቴ የገባኝ ያኔ ነው።

ሰኞ ዕለት ጤና ጣቢያው በር ላይ እናኑ ጠበቀችኝ።

«አባየን በረዶ አጠጣኸው?»

«አልጠጡም።»

«እንዲያማ ከሆነ ባሰ።» ወደ መሬት አየች። «የላዩ ማሳ ሁለት ጥማድ ስንዴ ተኝቷል። የታችኛው ተርፏል።»

«ስለ እኔ ምን አሉ?»

«ምንም። ጨው ረስቶ ነው የገባው።»

በተከታዩ ቅዳሜ አምስት ኪሎ ጨው ገዝቼ ወደ ሲናን ተጓዝኩ። እስከ ግማሽ መንገድ የጭነት መኪና ላይ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ። ተረከዙ ከፍ ያለው ጫማዬና ያ ሱሪ በጥቁሩ መረሬ አፈር ውስጥ ምን እንደ ሆኑ አልነግራችሁም፤ እንዲያው የመንደሩ ውሾች እንኳ ከመጮህ ይልቅ ቆመው አዩኝ ልበል። አያ ይግዛው የላዩ ማሳ ላይ ነበሩ። የተኛውን ስንዴ ለከብት እንዲሆን ያጭዳሉ። ጨዉን ሰጠኋቸው፤ ተቀብለው ከዛፍ ሥር አኖሩት፤ ሌላ ማጭድ አቀበሉኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ከሥሩ ያዘው፣ ጣትህን ጠብቅ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ቀኑን ሙሉ አጨድን። እሳቸው ሦስት ሲሄዱ እኔ አንድ እሄድ ነበር። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆም ብሎ «እግዜር ይካስህ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ቀና ሳይሉ «የተረፈውን ይባርክ» ይላሉ። ስንት ጊዜ እንዳሉት አላውቅም፤ አንዱም ጊዜ ግን ለአፍ ያህል የተባለ አይመስልም ነበር። ወደ ማታው ላይ ከታጨደው ግማሹን ተሸክመን ወደ አንዲት መበለት ጎረቤት በረት ወሰድን፤ የእሷ ማሳ ሙሉ በሙሉ ተመቷል። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ለማንም አልተናገሩም። እኔ ከዚያ በፊት ትልቅ ሰው የሚባለው ብዙ የሚያውቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ከኋላቸው ነዶ ተሸክሜ ስሄድ ትልቅ ሰው አየሁ፤ እስከ ዛሬ ሌላ እንደዚያ ያለ አላየሁም።

ቤት ገብተን የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀረበ። አያ ይግዛው አረቄውን ራሳቸው ቀዱ፤ መለኪያው እስኪፈስ ሞሉት። ቀመሱና አቀበሉኝ። «ይኸ በረዶ የለውም» አሉ፣ ፊታቸው ምንም ሳይለወጥ። ቀልድ ይሁን ፍርድ አላወቅኩም። ጨለጥኩት። ቃጠሎው ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ አልጋ አነጠፉልኝ፤ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ በቅሏቸው ላይ አስቀምጠው እስከ መኪናው መንገድ ሸኙኝ። ስለ እናኑ አንድም ቃል አልተነሣም።

ኅዳር ላይ ሽማግሌዎቹን ለሦስተኛ ጊዜ ላክሁ። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚልክ ሰው መሳቂያ ይሆናል። ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ልብስ ሰፊው ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ሬዲዮኑን ዝግ አድርጎልኛል፤ ዜና ሰዓት ቢሆንም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ መሪጌታው ብቻቸውን መጡ፤ ሁለቱ ደክሟቸው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ከገቡ በኋላ ጫማቸውን አራገፉ፣ ውሃ ጠየቁ፣ ጠጡ።

«ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው የተናገረው» አሉ። «ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ ቄሱ ሁሉ ባለበት። ቆሞ። እንዲህ ነው ያለው፦ “እኔ ከተወለድሁ በረዶ ሲወርድ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባቴም፣ አያቴም እንደዚሁ። ይኸ ልጅ ግን ደስ አለኝ አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። የሰደበኝ መስሎኝ ብርጭቆውን ጥየበት ወጣሁ። ኋላ በቅሎየ ላይ ሁኘ ሳወጣ ሳወርደው፣ በረዶ ሲወርድ ደስ የሚልበት ቤትም በዚህ አገር አለ ለካ አልሁ። እንግዲያ ልጄ እዚያ ትግባ።”»

ምሕረት ይህን ስነግራት በብርጭቆዋ ውስጥ ያለው በረዶ ሳትጎነጭ ቀለጠ። እኔም የቀረውን አልነገርኳትም።

እናኑ በጥር ገባች። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ። አያ ይግዛው ካረፉ ቆዩ፤ የላዩ ማሳም የታችኛውም ለወንድሟ ልጆች ተከፋፍሏል። እኛ የምናርሰው አንድ ስንዝር መሬት የለንም፤ ቤታችን የግንብ ነው፣ ግቢያችን ሲሚንቶ። ሆኖም ከጮቄ በኩል ጠቁሮ ቆርቆሮው ማጓራት ሲጀምር እናኑ የያዘችውን አስቀምጣ ትነሣለች። በሩን ከፍታ ወደ ሰሜን ዞራ ትቆማለች፤ «ወተት ይዞ ይሆን?» ትላለች፤ እስኪያባራ አትቀመጥም። መጀመሪያ መጀመሪያ እጇን ይዤ ላስገባት እሞክር ነበር። አሁን ጋቢ አምጥቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደርግና አጠገቧ እቆማለሁ። በረዶ ሲወርድ ደስ የሚለው ሰው ቤታችን ውስጥ አንድም የለም።